አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር

አባቴን ወደ ባቡር ክበቡ የወሰድኩት እኔ ነኝ። በመጨረሻ የሆነውንም ያደረግኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የእኛ ሰዎች ነገሩን በየለቅሶ ቤቱ ሲያነሱት ጥፋቱን አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ላይ ስለሚለጥፉት ነው። ሽማግሌው ምንም አላጠፋም። እሱ በአገሩ ወግ ሰው አከበረ፤ እኔ በአገሬ ወግ ሰው ደበቅኩ።

ያኔ የምንኖረው ሚኒሶታ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ነበር፤ አባቴ፣ እኔና ብርድ ሲመጣ አልነሳም የምትል አንዲት መኪና። እኔ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አቅም ያጡ ሰዎችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። አባቴ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የአፓርትመንቱን የመኪና ማቆሚያ ያያል። አሜሪካ ከመጣ ሁለተኛው የበረዶ ወቅቱ ነበር። ከሥራ ስገባ የማን መኪና ስንት ሰዓት ወጥታ ስንት ሰዓት እንደተመለሰች ይነግረኛል። ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲቀርጽ የኖረ ሰው የጎረቤት መኪና ዘበኛ ሆኖ ቀረ እያልኩ ሽንት ቤት ገብቼ ያለቀስኩበት ቀን አለ።

በሥራ ቦታዬ ከምንከባከባቸው ሴቶች የአንዷ ባል በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ይመጣና ሚስቱን በማንኪያ ያበላል። እሷ ማን እንደሆነ ካላወቀችው ቆይታለች፤ እሱ ግን አንድም ቀን አይቀርም። ሱሪውን በትከሻው ላይ በሚያልፍ ማንጠልጠያ የሚይዝ፣ ወሬ የማይወድ ረጅም ሽማግሌ ነው። አንድ ቀን ስለ አባቴ ጠየቀኝ። ድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ቶርኖ በሚሉት የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ይሠራ እንደነበር፣ በልጅነቱም የእንፋሎት ባቡሮቹን ዘመን እንደደረሰበት ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ። ለካ ሰውየው ትንንሽ የእንፋሎት ባቡር የሚሠሩ ሰዎች ክበብ ሰብሳቢ ነው። ያን ዕለት ሚስቱ ምሳዋ ቀዘቀዘባት።

በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኔ አባቴን ይዤው ክሪስታል ከተማ ወዳለው የሰውየው ጋራዥ ሄድን። ቶርኖ አለው፣ ብረት ጨብጦ የሚይዝ ሞርሳ አለው፣ በየመጠኑ የተደረደረ ሞረድ አለው። አባቴ ሰላምታውን እንኳን ረስቶ ቶርኖውን በመዳፉ ዳበሰው። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለቱ ሽማግሌዎች እዚያ ጋራዥ ውስጥ ከረሙ። የጋራ ቋንቋ የላቸውም። አንዱ በኢንች ይለካል፣ ሌላው በሚሊሜትር፤ በጣት እየተጠቋቆሙ ይጣላሉ፣ ከዚያ አባቴ ሞርዶ ሞርዶ ዕቃውን ልክክ ሲያደርገው ሁለቱም ዝም ይላሉ። ቤት ሲመጣ ጥፍሩ ሥር ግሪስ አለ። ስለ ጎረቤት መኪና ማውራት ተወ፣ እኔንም እንደ ድሮው "እማዬ" እያለ መጥራት ጀመረ።

የሠራት ባቡር የሳሎን ጠረጴዛ ታህላለች። ባቄላ የሚያካክል ከሰል ነው የምትበላው፤ ግን ከኋላዋ የተቀጠሉ ጋሪዎች ላይ አሥር ሰው አስቀምጣ ትጎትታለች። ቦይለሯን የክበቡ ሰዎች ውኃ ሞልተው ከምትሠራበት ግፊት በላይ አስጨንቀው ፈተኑት፤ ጠብ አላለችም። የምስክር ወረቀቷን አባቴ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

ለእሱ ግን ዋናው ነገር ፊሽካዋ ነበር። ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ አባቴን ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ነው። ወንድሙ ባቡር ላይ እሳት አንዳጅ ነበር። ቀናት ቆይቶ ሲመለስ፣ ከተማው ሊደርሱ ሲሉ ነጂውን፣ ማሽኒስቱን፣ ያስፈቅድና ፊሽካውን ይስበዋል። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። መጣሁልህ ማለት ነው። አባቴ ስለ ልጅነቱ ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም፤ ይህችን ግን ስንት ጊዜ እንደነገረኝ አላውቅም።

የትንንሽ ባቡሮች ፊሽካ የጫጩት ድምፅ ነው ያለው። አባቴ ሦስት ሠርቶ ሦስቱንም ጣለ፤ ጉሮሮ የላቸውም አለ። አራተኛውን ረጅም የነሐስ ቱቦ አድርጎ ከባቡሯ ሆድ ሥር ሸሸገውና ድምፁ ወፈረ። ጋራዡ ውስጥ በኮምፕረሰር አየር ሲሞክረው እኔም ቆሜ ነበር። ነፋውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቤት እንደገባን የስልክ ካርድ ፍቄ ለወንድሙ ደወልኩለት። በክበቡ የጉብኝት ቀን በእውነተኛ እንፋሎት እነፋታለሁ፣ በስልክ ትሰማታለህ አለው። አጎቴ ሰማንያን አልፎ ጆሮው ደክሟል። ጮክ አድርገህ ንፋት ብሎ ሳቀ። ሳቁን ከስልኩ ውጪ ሰማሁት።

ክበቡ በየዓመቱ የበጋው ሙቀት ሊያልቅ ሲል አንድ ቅዳሜና እሑድ በሩን ለሕዝብ ይከፍታል። እሑድ መዝጊያው ላይ አንድ ልማድ አላቸው። በዓመቱ ውስጥ ከአባላቱ ወይም ከአባላቱ ቤተሰብ የሞተ ካለ፣ ባቡሮቹ ሁሉ ይሰለፋሉ፣ ሰዉ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ስሙ ይጠራል፣ ከዚያ ሁሉም ፊሽካቸውን በአንድ ላይ ይነፋሉ። ባለፈው ዓመት ለአንድ አባል ሚስት ሲነፉ አባቴና እኔ ጎን ለጎን ቆመን ነበር። ሰው ማክበር እንዲህ ነው ብሎ ሲደነቅ ነው የከረመው።

ከዘንድሮው ቅዳሜ በፊት ባለው ሐሙስ፣ የምሳ ዕረፍቴ ላይ የአጎቴ ልጅ ደወለ። አባቱ አርፏል። ቀብሩ ነገ ነው። ለአባትሽ በወጉ ይነገረው አለኝና እያለቀሰ ዘጋው።

በወጉ ማለት ንጋት ላይ፣ የንስሐ አባቱና የዕድር ሽማግሌዎች ቤት መጥተው፣ ተቀምጦ ሳለ ማለት ነው። መርዶ በመንገድ አይነገርም፣ በሥራ ቦታ አይነገርም፣ ለብቻ ላለ ሰው አይነገርም። ቡርንስቪል ለሚኖሩት የዕድራችን ሰብሳቢ ደወልኩ። ቅዳሜ ንጋት እንምጣ አሉ። እኔ ሰኞ ይሁን አልኩ። እሳቸውም፣ "ዊኬንዱ ይለፍ ካልሽ ኃላፊነቱ ያንቺ ነው። ሰኞ ሞርኒንግ ኦፍ የሆንነው፣ ሥራ የሌለን፣ እንመጣለን" አሉኝ።

ሳስበው ቀላል ነበር። አጎቴን ሁለት ቀን አይመልሰውም። መርዶውን ከሰማ ግን አባቴ ባቡሯን አይነካም፤ በረዶው ይመጣል፤ ለሚመጣው ዓመት ደግሞ ማን ዋስ አለው። ሦስት ዓመት የለፋባትን ባቡር ሁለት ቀን ይንዳት፣ ከዚያ ያለቅሳል። እንዲህ ነበር ያሰብኩት፤ ዛሬም ሲያስቡት ክፉ አይመስልም።

ዓርብ የክበቡ ሰብሳቢ ሚስቱን ሊያበላ ሲመጣ ዓይኔ አብጦ አየኝ። ምን ሆነሽ አለኝ። አጎቴ ሞተ፣ አባቴን ያሳደገው ወንድሙ አልኩት። አባትሽ ነገ ይመጣል ወይ አለኝ። ይመጣል አልኩ። አንገቱን ነቀነቀና ከኪሱ ወረቀትና እርሳስ አውጥቶ የአጎቴን ስም እንድጽፍለት ጠየቀኝ። እዚህ አገር ሰው ለሞተ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ያስጸልይ የለ፤ ለዚያ መሰለኝ። በትልልቁ አሳምሬ ጻፍኩለት። አባቴ ገና አልሰማም ማለት ግን አልመጣልኝም። ከእኛ ሰው ለአንዱ ብነግረው ኖሮ፣ አባቴ አለመስማቱን ሳልነግረው ያውቀው ነበር፤ ቀድሞ የሚጠይቀኝ ሰምቷል ወይ ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ዓለም ሁሉ ይህን የሚያውቅ መስሎኝ ኖሬያለሁ።

ቅዳሜ ሜዳው በሰው ተሞላ። ድንኳኑ ሥር ጠረጴዛ ላይ መርከብ የሠሩ መርከባቸውን፣ ሞተር የሠሩ ሞተራቸውን ደርድረዋል። የከሰሉ ጭስና የሚጠበሰው ቋሊማ ተቀላቅሎ ይሸታል። ልጆች ወላጆቻቸውን እየጎተቱ ለመሳፈር ተሰልፈዋል። አባቴ ባለመስመር ቆቡን አድርጎ፣ ቱታውን አስተኩሶ ለብሶ እሳቱን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ያቀጣጥላል። ሰብሳቢው መጥቶ እጁን በሁለት እጁ ያዘና ሳይለቀው ቆየ። የሚኒሶታ ሽማግሌ ሐዘን ላይ አፉ አይፈታም፤ ይይዝሃል እንጂ።

"ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?" አለኝ አባቴ።

ባቡሯን ወዷት ነው አልኩት። መዋሸት ከጀመርኩ ሦስተኛ ቀኔ ስለሆነ ምላሴ ለምዶት ነበር።

የመጀመሪያውን ዙር ነድቶ ሲመለስ፣ ለጋሼ ደውዪልኝ፣ ሳይተኛ አለ። የሚረሳው ይመስል ከጠዋት ጀምሮ ከዓይኑ እየሸሸሁ ነበር። ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ፣ የካርዱን ቁጥር እያየሁ የሞባይሌን ቁልፎች ተጫንኩ። የደወልኩት እቤታችን ነው። የመልእክት መቀበያ ማሽኑ አነሳ፤ አሁን ቤት የለንም፣ መልእክት ተዉልን አለኝ በራሴ ድምፅ። "አጎቴ፣ እንደምን ዋሉ" አልኩ ለማሽኑ። አባቴ እጁን ለስልኩ ዘረጋ። ካርዱ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የቀረው አልኩት። እጁን መለሰ።

"እኔን ሌላ ቀን ይሰማኛል፤ እሷን ይስማ" አለ።

ስልኩን ወደ ባቡሯ አስጠጋሁ። አባቴ፣ "ጋሼ! መጣሁልህ!" ብሎ ጮኸና ገመዷን ሳበ። አንድ ረጅም። ሁለት አጭር። ድምፁ ከዚያች ትንሽ ብረት ይወጣል አይባልም። ተሰልፈው የነበሩት ሰዎች አጨበጨቡ፤ እንፋሎቱ እጅጌዬን አረጠበው። አባቴ ዞሮ አየኝ፣ ሰማ ወይ አለኝ። ሰምቷል አባዬ፣ ደስ ብሎት እያለቀሰ ነው አልኩት። ከዚያ ካርዱ አለቀ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ቀኑን ሙሉ ላገኘው ሰው ሁሉ፣ ጣቱን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ብራዘር፣ ቴሌፎን፣ ኢትዮጵያ እያለ ሲያስረዳ ዋለ። እንደዚያ ቀን ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንዳንሄድ ሰበብ ፈጠርኩ። ሰው ፊቱን አይቶ ያለቅስብኛል ብዬ ነው። አባቴ ቅዳሴ መቅረቱ ቅር አለው፤ ከእግዜር የምታጣላኝ እማዬ ናት ብሎ ቀለደ።

ከሰዓት በኋላ መዝጊያው ላይ ባቡሮቹን ሀዲዱ ላይ አሰለፏቸው። አሥራ አንድ ነበሩ፤ የአባቴ መጨረሻ ላይ ናት። ሰብሳቢው በትንሽ ማይክሮፎን የመጡትን አመሰገነ። ከዚያ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱን አወቅኩት። ከቆምኩበት እስከ እሱ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ መሮጥ ነበረብኝ፣ መጮህ ነበረብኝ። ከአባቴ ጀርባ ቆሜ ቀረሁ።

የአጎቴን ስም ከነአባቱ ጠራው። የወዳጃችን ወንድም፣ የባቡር ሰው አለ።

አባቴ ፈገግ አለ። ትናንት በስልክ የሰማውን ወንድሙን ሰላም የሚሉለት መሰለው። ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ እጁን ለሰዉ አንስቶ አመሰገነ። ከዚያ እሱም ከእነሱ ጋር ሊነፋ ገመዷን ያዘ። ያኔ ነው ሰዉ ባርኔጣውን ማውለቁን ያየው። አንድ በአንድ አያቸው። ፊሽካዎቹ ተነሱ፤ አሥሩ በአንድ ላይ፣ ረጅም። የእሱ ብቻ ዝም አለች። ቆሜ ወደነበርኩበት ዞረ።

"ባርኔጣቸውን ለምን አወለቁ?"

አባዬ፣ እንሂድ አልኩት።

"መቼ ነው?"

"ሐሙስ።"

ቀኖቹን በከንፈሩ ሲቆጥር አየሁት። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ ላይ ደርሶ ቆመ።

"ትናንት ታዲያ ማነው የሰማኝ?" አለኝ።

የቤታችን ስልክ ነው አልኩት፤ መልእክት የሚቀበለው ማሽን። የሚገርመው፣ ያን ጊዜ እንኳን ሌላ ውሸት ፈልጌ ነበር፤ ስላጣሁ ነው እውነቱን የተናገርኩት።

አልጮኸም፣ መሬት ላይ አልወደቀም። እሳት ያለባትን ባቡር ጥሎ አይኬድም። ተንበርክኮ ከሰሉን ከሥሯ ጠርጎ አወጣ፣ የቦይለሯን ውኃ ለቀቀ፣ ቫልቮቿን ከፍቶ የግፊት መለኪያው ጌጅ ዜሮ እስኪል ጠበቀ። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ሰብሳቢው ሊያግዘው መጥቶ ፊቱን ሲያይ እኔን ጠየቀኝ። ነገርኩት። የሚያውቅ መስሎኝ ነበር አለ፤ ደጋግሞ ይህንኑ አለ። አባቴ ጨርቁን አጥፎ አስቀመጠና የሰውየውን ትከሻ መታ መታ አድርጎ አለፈ። እኔን አልነካኝም።

ያለቀሰው መኪና ውስጥ ነው፣ ሀይዌዩ ላይ። እንባ ጋርዶኝ እየነዳሁ፣ ከጎኔ ሲያለቅስ ሰማሁት። ለወንድሙ ሞት የሚያለቅስ ሰው ሰምቼ አውቃለሁ፤ ይህ ሌላ ነበር።

"ወንድሜ አፈር ለብሶ እኔ ቆብ አድርጌ ስስቅ ዋልኩ" አለ። "ሁለት ቀን። ሰው ሁሉ እያወቀ።"

የፈረንጆቹ ማጽናናት፣ ጭብጨባው፣ ትከሻው ላይ ያረፈው እጅ ሁሉ አሁን ተመልሶ እየመጣበት ነው። ደስ ይበለው ብዬ የሰጠሁት ሁለት ቀን እንደ እሳት እየፈጀው ነበር። አባዬ ይቅር በለኝ አልኩት። አንቺ ለእኔ ብለሽ ነው አለኝ። ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላለም።

ሰኞ ንጋት የንስሐ አባቱና የዕድር ሰዎች እንደተባባልነው መጡ። በሩን የከፈተላቸው እሱ ራሱ ነው፣ ጥቁር ለብሶ። የሚነገር አልነበረምና ገብተው ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ የክበቡ ሰብሳቢ መጣ። ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ከማያውቀው ሰው መሀል፣ የማይሰማውን ቋንቋ እየሰማ አራት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። አባቴ ከጎኑ አስቀመጠው። እሱ አከበረኝ አለ ለጠየቀው ሁሉ። ማን እንዳላከበረው አልተናገረም፤ ሁሉም ግን ወደ እኔ ላለማየት ወለሉን ያያል።

ባቡሯን ለክበቡ ሰጣት። ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ መጥቶ ለመነው፤ አይሆንም አለ። ሶፋው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። አይቆጣኝም፣ ምግብ አይመልስም፣ ስወጣ በሰላም ግቢ ይለኛል። "እማዬ" ማለት ግን ቀረ፤ "አንቺ ልጅ" ሆንኩ።

የአጎቴ አርባ በወጣ ማግሥት ጠዋት፣ ለሥራ ስለባብስ ከሳሎን ጠራኝ። ስልኩ አጠገብ ቆሟል። የማሽኑ ቀይ መብራት ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ብልጭ ድርግም ሲል፣ ሁለታችንም እያየን የማናይ መስለን ነበር የከረምነው።

"አሰሚኝ" አለ።

ተጫንኩት። መጀመሪያ የእኔ ድምፅ መጣ፣ አጎቴ እንደምን ዋሉ የሚለው። ቀጥሎ የሱ፣ ጋሼ፣ መጣሁልህ። ከዚያ ፊሽካዋ። በዚያች ርካሽ ማሽን ውስጥ እንኳን ጉሮሮ ነበራት። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ጭብጨባው አለፈ፣ ሰማ ወይ ሲል ተሰማ፣ ከዚያ እንደገና እኔ መጣሁ። ሰምቷል አባዬ፣ ደስ ብሎት እያለቀሰ ነው።

ዓይኑን ገለጠ። እንደገና አሰሚኝ አለ፣ አሰማሁት። ሦስተኛውን ጨርሶ፣ "ያንቺን ድምፅ አውጪና እሷን ብቻ ተዪልኝ" አለኝ።

ማሽኑ እንደዚያ አይሠራም አልኩት። ወይ ሁሉንም መተው ነው፣ ወይ ሁሉንም ማጥፋት። ሌላ ቦታ ወስጄ ልጠይቅ፣ የሚችል ሰው አይጠፋም አልኩ። ባቡሯ ሦስት ዓመት ነው የፈጀችበት፤ ፊሽካዋን አራት ጊዜ ነው የሠራት።

"እንግዲያውስ አጥፊው" አለኝ።

ቁልፉን ተጫንኩ። ምንም መልእክት የለም አለ ማሽኑ። አባቴ ወደ ሶፋው ሄደ፤ እኔም ሥራ ስለረፈደብኝ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።